ማብሪያ ማጥፊያው በማን እጅ ነው?

መቼም አዲስ አበባ ከጎረቤቶቿ ወስዳ አትጠግብም። ውሃ ከገፈርሳ ትቀዳለች፤ ወተት ከሱሉልታ ይወርድላታል፤ ሜታ ቢራዋ ሰበታ ሲጠመቅላት ኖሯል። እኛ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ የምንኖረው ደግሞ ጧት ታክሲ ተሰልፈን እንገባለን፣ ማታ ታክሲ ተሰልፈን እንወጣለን። ሥራውም፣ ቢሮውም፣ ዩኒቨርሲቲውም እዚያው ነዋ! እንግዲህ አንዱ መጥቶ «ከቤትህ ሳትወጣ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ተማር፤ ኢንተራክቲቭ ዲዛይን ተማር፤ ዲግሪህን በኦንላይን ያዝ» ቢለን እሰየው ከማለት በቀር ምን እንላለን? ከእኛ በላይ ለዚህ ትምህርት የተፈጠረ ሕዝብ የት ይገኛል?

ስለዚህ ትምህርቱን አልቃወምም። ከታክሲ ሰልፍ የሚገላግል ነገር ሁሉ ይባረክ ባይ ነኝ። ጥያቄዬ ማብሪያ ማጥፊያው በማን እጅ ነው የሚል ነው።

እስቲ እናስታውስ። ሰኔ 2011 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና በሚሰጥበት ሰሞን ኢንተርኔት ጠፋ። ተመለሰ ሲባል በዚያው ወር የባለሥልጣናቱ ግድያ ተከተለና እንደገና ድርግም አለ። ወሩን ተሻግሮ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ፣ ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም፣ ካስፈለገ ይዘጋል አሉ። ቃላቸውንም ጠበቁ! ሰኔ 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት አገሩ በሙሉ ሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት ገደማ፣ አማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት። የካቲት 2015 ፌስቡክና ቴሌግራም ሲታገዱ ቪፒኤን የማያውቅ ሁሉ ቪፒኤን ተማረ። ያን ጊዜ በእውነት በኦንላይን የተሰጠ ትምህርት ቢኖር እሱ ነው።

ታዲያ ሐምሌ 2016 ምን ሰማን? እኚሁ ጠቅላይ ሚኒስትር ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር ሆነው «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ዕቅድን መረቁልን። ትምህርቱ ነፃ፣ በዩዳሲቲ የሚሰጥ፤ ፕሮግራሚንግ አለ፣ ዳታ ሳይንስ አለ፣ አንድሮይድ አለ። ጥሩ ነው። ግን ጎበዝ፣ ውሃም አየርም ያልሆነ ነገር ላይ አምስት ሚሊዮን ሰው እንዴት ሊሰፍር ነው? ቧንቧውን በእጁ ጨብጦ ኑ ዋና ላስተምራችሁ የሚል አስተማሪ አይቼ አላውቅም።

ይባስ ብሎ በዚያው በሐምሌ፣ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ብር ለገበያ ተለቀቀ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በአንድ ቀን 74 ገባ፤ ዓመት ሳይደፍን 120ን አለፈ። ይኼ ከትምህርት ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። በነፃ ከሚሰጠው አጭር ኮርስ አልፎ እውነተኛውን ዲግሪ የፈለገ ልጅ የሚከፍለው በዶላር ነዋ! ዩኒቨርሲቲ ኦቭ ዘ ፒፕልን የመሰለው፣ ለማስተማር አልጠይቅም የሚለው የአሜሪካ ተቋም እንኳ ለየኮርሱ ምዘና በዶላር ያስከፍላል።

የጎረቤቴ ልጅ እዚሁ ቡራዩ ቀን ሱቅ ትጠብቃለች፣ ማታ ውጭ አገር ባለ አንድ ትምህርት ቤት በኦንላይን ትማራለች። ቪዲዮው ዳታ ስለሚበላባት ጽሑፉን ብቻ ታወርዳለች። የቤት ሥራ ማስረከቢያው በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ ስምንት ነው። መብራት ከሄደ የስልኳን ባትሪ በፐርሰንት እየቆጠረች ትጽፋለች። ክፍያው ሲደርስ ደግሞ ብሯን ይዛ ዶላር ካርድ ያለው ዘመድ ፍለጋ ትወጣለች። «ጋሼ፣ ትምህርቱስ አልከበደኝም፤ የከበደኝ መክፈሉ ነው» አለችኝ። ሰው ትምህርት ከብዶት ሲወድቅ ሰምተናል፤ መክፈያ አጥቶ ሲወድቅም ሰምተናል። ብሩን በእጁ ይዞ መክፈያ መንገድ የሚያጣ ተማሪ ግን የዘመናችን ግኝት ነው።

ጨርሳ ብትመጣስ? ወረቀቷን ማን ይቀበላታል? እዚህ አገር ነሐሴ 2002 የርቀት ትምህርት በአንድ ውሳኔ ከነነፍሱ ታግዶ፣ ወራት ሳይቆይ እገዳው ተነስቶ አይተናል። ማብሪያ ማጥፊያው ኢንተርኔት ላይ ብቻ አይደለም ማለቴ ነው። እዚሁ በአካል ተምሮ መመረቅም ዋስትና አልሆነም። ሐምሌ 2015 የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት ሲሰጥ ከግል ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት ከመቶ 17 ያህሉ ነበሩ። ከእነዚህ ከተሞች ልጆች ብዙዎቹ ወላጆቻቸው በሬ ሸጠው የሚከፍሉላቸው የግል ኮሌጅ እንደሚገቡ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

ደግሞ ሰበታን አንርሳ። በንጉሡ ዘመን የተቋቋመው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለው እዚያ ነው። ዐይነ ስውር ኮምፒዩተር የሚጠቀመው ስክሪኑን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ነው። ንድፍ ያወጣው ሰው ለቁልፉ ስም ካልሰጠው ፕሮግራሙ «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» ብቻ እያለ ይጮኻል። የቱ ማስረከቢያ እንደሆነ፣ የቱ ማጥፊያ እንደሆነ ማን ይወቅ? ኢንተራክቲቭ ዲዛይን የሚባለው ትምህርት ዋና ቁም ነገሩ ይኼ ነው፤ ነገሩ ለሚጠቀምበት ሰው እንዲመች አድርጎ መሥራት። ሰበታ ላይ ይህን ዕውቀት የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ይህን የሚያስተምር ኮርስ ግን ከአምስት ሚሊዮኑ ዕቅድ ኮርሶች መካከል ስሙን አላየሁም።

ለካርታ ከሆነ ማንም አልረሳንም። በ2006 በማስተር ፕላን ከአዲስ አበባ ጋር ሊያቀናጁን ተነሱ፤ የሰው ሕይወት ካለፈበት በኋላ ጥር 2008 ቀረ ተባለ። በ2015 ደግሞ ሸገር ከተማ ተብለን 12 ክፍለ ከተማ ተሸነሸንን። ስማችንን ለመቀየር የተፋጠነ እጅ አራት ኪሎ ላይ በ2014 እንደተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ያለ፣ በትንሹም ቢሆን፣ ኮምፒዩተርና ጄኔሬተር ያለው አንድ አዳራሽ በየከተማችን ይሥራልን። ከሱሉልታ አራት ኪሎ ድረስ ለማንበብ የሚወርድ ተማሪ ከታክሲ ሰልፉ የተረፈው ሰዓት ስንት ነው?

ፓርላማውም ሥራ ከፈለገ እነሆ፦ ኢንተርኔት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይዘጋ የሚከለክል ሕግ ያውጣ። ትምህርት ሚኒስቴር የትኛውን የኦንላይን ዲግሪ እንደሚቀበል፣ የትኛውን እንደማይቀበል ልጆቹ ከመክፈላቸው በፊት በዝርዝር ይለጥፍ። አምስት ሚሊዮኑን የሚቆጥሩት ሹማምንት ደግሞ ምን ያህል ሰው ተመዘገበ የሚለውን ትተው፣ ከሰበታ ስንት፣ ከቡራዩ ስንት፣ ከሱሉልታ ስንት ጨርሶ ስንቱ በዚያ ሙያ ደመወዝ እንደበላ በየከተማው ለይተው ያውጡልን። እኛም ጋዜጣ ገዝተን እናነበዋለን።