ዳሽቦርዱ ቢቀየር ኪሎ ሜትሩ የማን ነው?
የጭነት መኪናው ዳሽቦርድ ሲጨልም ባለንብረቱ ወዲያው ያገለገለ ዳሽቦርድ ፍለጋ ይሮጣል። ችኮላው ለገበያው አይበጅም። በብዙዎቹ የኤሌክትሮኒክስ ዳሽቦርዶች ኪሎ ሜትሩ የሚመዘገበው እዚያው ውስጥ ስለሆነ፣ የተገዛው የሌላ መኪና ዕድሜ ይዞ ይመጣል። መቀየሩ በጽሑፍ ካልተያዘ ነገ ገዢና ሻጭ፣ ደላላውም ጭምር፣ የሚወዛገቡት በዚሁ ነው።

ብልሽቱ ግን ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ፊውዙ ይፈተሽ፤ ወደ ሻንሲው የሚሄደው ገመድ ዝገቱ ይጠረግ፤ ሶኬቱ ተነቅሎ ይመለስ። በመዳፍ ሲመታ የሚበራ ከሆነ (ሾፌሮች ዘዴውን አሳምረው ያውቁታል) በመንገድ ንዝረት ሊዱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ካውያ መያዝ የሚችል ባለመኪና ባትሪውን ፈትቶ የተሰነጠቀውን ዳግም ቢበይደው፣ ዳሽቦርዱ የራሱን ኪሎ ሜትር እንደያዘ ይበራል፤ ሲሸጥም የሚያስረዳው ነገር አይኖርበትም።