የአንድ ዓመት ሹመትና የብዙ ዓመት ሥራ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ሹመት የግል ጥቅም ማግኛ ተደርጎ ይታይ ከነበረበት ዘመን የተወረሰ ነው። ዳሩ ግን ደመወዝ የማይከፈልበት፣ በአንድ ዓመትም የሚያበቃ ሹመት አለ። ይኸውም የሮታሪ ክበቦች የዲስትሪክት ገቨርነርነት ነው። ወደዚህ ኃላፊነት ገንዘብ ፈልጎ የሚገባ የለም። ሆኖም ከገንዘብ ባላነሰ ሰውን የሚያታልል ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ስም ነው።

ሮታሪ የተመሠረተው በ1897 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ ነው። ፖል ሃሪስ የተባለ ጠበቃ ከሦስት ወዳጆቹ ጋር ሆኖ አቋቋመው። አባላቱ አንድ ጊዜ በአንዱ፣ ሌላ ጊዜ በሌላው ቢሮ በየተራ ይሰበሰቡ ስለነበረ፣ ክበቡ መዞርን የሚያመለክተውን ይህን ስም አገኘ። በመጀመሪያ ዓላማው የሥራ ሰዎችን ማቀራረብ ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ለሕዝብ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት መስጠት ዋና ተግባሩ ሆነ። በአዲስ አበባም የመጀመሪያው የሮታሪ ክበብ በ1940ዎቹ ተቋቁሟል።

በአንድ አካባቢ የሚገኙ ክበቦች ተሰባስበው ዲስትሪክት ይባላሉ። አንዳንዱ ዲስትሪክት ከአንድ አገር በላይ ያቅፋል፤ ኢትዮጵያና ኬንያም በአንድ ዲስትሪክት ውስጥ አብረው ሠርተዋል። የዲስትሪክቱ መሪ ገቨርነር ሲባል፣ የሥራ ዘመኑ ከሰኔ 24 ቀን እስከ ተከታዩ ዓመት ሰኔ 23 ቀን ድረስ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ክበቦችን ይጎበኛል፤ አባላት እንዲበዙ፣ ለበጎ ሥራ የሚውል ገንዘብ እንዲሰበሰብ፣ የውሃ፣ የጤናና የትምህርት አገልግሎት እንዲስፋፋ ይጥራል። ይሁን እንጂ ክበቦቹ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ በመሆናቸው ሊያዝዛቸው አይችልም። ያለው ኃይል ማስረዳትና ምሳሌ መሆን ብቻ ነው።

እንግዲህ አንድ ዓመት ብቻ የተሰጠው መሪ ምን ዓይነት ግብ ቢይዝ ይሻላል? ብዙውን ጊዜ አዲስ መሪ የሚመኘው በዘመኑ የተጀመረ፣ በስሙም የሚጠራ አዲስ ሥራ ነው። ለምሳሌ አንዱ መሪ በአንድ የገጠር ቀበሌ የውሃ ጉድጓድ አስቆፈረ እንበል። በማግስቱ ዓመት የተተካው ደግሞ በሌላ ቀበሌ ሌላ ጉድጓድ ያስቆፍራል። በዚህ መካከል የመጀመሪያው ፓምፕ ይሰበራል፤ መለዋወጫ የሚገዛለት ይጠፋል። ሪፖርቱ ሁለት ጉድጓድ ተቆፈረ ይላል፤ የመጀመሪያው ቀበሌ እናቶች ግን እንስራቸውን አዝለው ወደ ቀድሞው ወንዝ ተመልሰዋል። በምረቃው ቀን የተጨበጨበለት ሥራ፣ የሚከታተለው በማጣቱ ብቻ ከንቱ ይሆናል።

ይህ ግን የግድ እንዳልሆነ የሮታሪ የራሱ ታሪክ ይመሰክራል። ሮታሪ ፖሊዮን፣ ማለትም የልጅነት ልምሻን፣ ለማጥፋት በ1977 ዓ.ም. ታላቅ ዘመቻ ጀመረ። በ1980 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች ተቋማት ተባብረው ሲነሡ፣ በዓመት 350,000 ያህል ሰዎች፣ በተለይም ሕፃናት፣ በበሽታው ይጠቁ እንደነበር ይገመታል። በሽታው ይገኝ የነበረውም ከ125 በሚበልጡ አገሮች ነው። በነሐሴ ወር 2012 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ክልል በተፈጥሮ ከሚገኘው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኑ ተረጋገጠ። በእነዚህ 35 ዓመታት ውስጥ በየዲስትሪክቱ ሠላሳ አምስት ያህል መሪዎች ተፈራርቀዋል። እያንዳንዱ የቀዳሚውን ዘመቻ ትቶ የራሱን ቢጀምር ኖሮ ይህ ውጤት ባልተገኘ ነበር። ሰው ተለዋወጠ እንጂ ግቡ አልተለወጠም።

ሥራ ሲላላ የሚደርሰውንም ጉዳት የአፍሪካ ቀንድ ሕዝብ ያውቀዋል። በ2005 ዓ.ም. ፖሊዮ እንደገና በሶማሊያ ተቀስቅሶ ወደ ኬንያና ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። ጠብታው ያልደረሳቸው ብዙ ሕፃናት ባሉበት ቦታ ቫይረሱ መንገድ ያገኛል፤ ድንበርም አያግደውም። ዛሬም ቢሆን ከክትባቱ ቫይረስ ተለውጦ የሚመጣው ዝርያ በአንዳንድ አገሮች ስለሚከሰት፣ ሥራው ተጠናቀቀ ተብሎ እጅ የሚታጠፍበት ጊዜ አይደለም።

በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ ሰዎች መኖራቸው አይቀርም። «መሪ የራሱ ግብ ከሌለው መመረጡ ምን ይጠቅማል? ነባሩን ብቻ መጠበቅስ ስንፍናን አያስከትልም?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያረጀና የማይጠቅም ሥራ በልማድ ብቻ ሊቀጥል አይገባውም። አዲስ ችግርም አዲስ መፍትሔ ይሻል። ነገር ግን አንድ ሥራ መቆም የሚገባው ጥቅሙ ተመዝኖ እንጂ የጀመረው ሰው ዘመኑ ስላለፈ መሆን የለበትም። ገቨርነሩ ሥራውን ከመረከቡ ቢያንስ ሁለት ዓመት አስቀድሞ የሚታጨውም ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ጊዜ የተጀመረውን ለማጥናት፣ ያለፈውን መሪ ለመጠየቅ፣ የሚተካውንም ለማማከር በቂ ነው።

ይህ ቁም ነገር ለአገራችን ሕዝብ እንግዳ አይደለም። የዕድር ዳኛ ሲለወጥ ዕድሩ አይፈርስም። ድንኳኑ፣ ድስቱና መዝገቡ ለተተኪው ይተላለፋሉ፤ ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብም ዳኛው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ እርዳታውን ያገኛል። ዕድር ለብዙ ዘመን የኖረው እያንዳንዱ ዳኛ አዲስ ዕድር ስላልመሠረተ ነው።

ስለዚህ የአንድ ዓመት መሪ ሊይዘው የሚገባው ከሁሉ የላቀ ግብ፣ የተረከበውን አጠንክሮ ለተተኪው ማስረከብ ነው። ያደረገው አስተዋጽኦ የሚመዘነውም በሰኔ 23 ቀን በሚነበበው ሪፖርት ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ በሚመጡት ዓመታት ፓምፑ ውሃ መስጠቱን፣ ሕፃናቱም ጠብታቸውን ማግኘታቸውን በመመልከት ነው። እንዲህ ያለው ሹም ሲሻር የሚቆጭበት ነገር አይኖርም።