ስለ ሦስት ኪሎና ስለ አንድ ወረቀት

ከተማሪዎች ክበብ በር አጠገብ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። በላዩ ጠዋት ጠዋት አብረን የምንሮጥ የ14 ተማሪዎች ስምና የየሳምንቱ ክብደታችን ተጽፎበታል። ወረቀቱን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ፤ የነቀልሁትም እኔው ነኝ። ስለ መነቀሉ አንዳንድ ጓደኞቼ ቅሬታ ስላሰሙ፣ ምክንያቴን በዚህ ጋዜጣ ላይ ማስረዳት ይገባኛል። «ሦስት ኪሎ መቀነስ ቢያቅተው ሚዛኑን ጠላ» የሚሉኝ እንዳሉም ሰምቻለሁ። በከፊል እውነታቸውን ነው።

ነገሩን ከመነሻው ልጀምር። አባቴ የስኳር በሽታ አለባቸው። አምና ለዕረፍት ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ እግራቸው ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ብላ ለወራት ሲመላለሱባት አየሁ። እኔ ያን ጊዜ 79 ኪሎ ነበርሁ፤ ቁመቴ አንድ ሜትር ከ72 ነው። ይህ በሽታ በዘር ሊከተል እንደሚችል ስለማውቅ፣ ወደ አዲስ አበባ እንደተመለስሁ ጫማ ገዛሁና ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚያወጣውን ዳገት መሮጥ ጀመርሁ። ደርሶ መልሱ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በሳምንት አምስት ቀን ሮጬ በስድስት ወር 71 ኪሎ ገባሁ። ጓደኞቼም ተከተሉኝ፤ ቡድን ሆንን፤ ቡድን ስንሆን ፉክክር መጣ፤ ፉክክሩም ወረቀቱን ወለደ። በስሜ ትይዩ «ግብ፦ 68» ብዬ ጻፍሁ። 68 ከየት መጣ ቢባል፣ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የነበረኝ ክብደት ስለሆነ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሙሉ ስሮጥ ሚዛኑ ከ71 ንቅንቅ አላለም። በመጀመሪያ ሚዛኑን ጠረጠርሁ። አራት ኪሎ ወርጄ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ብመዘን አንደኛው 70 አለኝ፤ አምሳ እርምጃ ርቆ የተቀመጠው ሌላው 72 ተኩል አለኝ። ለሁለቱም ከፍዬ ተመለስሁ። ቀጥሎ ራሴን ጠረጠርሁ፤ ምሳዬንም ተውሁ። በሦስተኛው ሳምንት፣ በአንድ ሐሙስ የቤተ ሙከራ ሰዓት፣ ዐይኔ ጨልሞብኝ ወደቅሁ። በእጄ የነበረው ብልቃጥ ተሰብሮ የአራት ተማሪዎች የሦስት ሳምንት ሥራ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ጓደኞቼ ውሃ እያጠጡኝ ሳለ እንኳ በልቤ የማስበው «ዛሬ ስንት እመዝን ይሆን» የሚል ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ነገር ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያነበብሁት፤ አስቀድሜ ማንበብ ይገባኝ ነበር።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ አንድ ኪሎ ካሎሪ ያህል ያወጣል። እንግዲህ የእኔ የጠዋት ሩጫ ዋጋው 355 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ 120 ያህል አለው። ሦስት ማንኪያ ዘይት ሲደመር የሽሮ ሜዳን ዳገት በሙሉ ይመልሰዋል። በጾም ወራት የምንበላውን ወጥ ላይ ላዩን የሚንሳፈፈውን የሚያስታውስ ሰው፣ ጾመኛ ሁሉ ለምን እንደማይከሳ አይጠፋውም። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ኪሎ ካሎሪ ስለሚይዝ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ባለበት ቢቆም ሦስቱን ኪሎ ለማቅለጥ 65 ጠዋት መሮጥ ያስፈልጋል። ግን ሌላው ነገር ባለበት አይቆምም፤ ችግሩም ከዚህ ላይ ነው።

የቀለለ ሰውነት ለመንቀሳቀስ የሚጠይቀው ኀይል ያንሳል። ስምንት ኪሎ ስለቀነስሁ ብቻ ያው መንገድ ከቀድሞው 40 ኪሎ ካሎሪ ያህል ረክሶልኛል። ከዚህም በላይ ሰውነት በሌላ በኩል ይቆጥባል። በታንዛንያ በአደንና በለቀማ የሚኖሩት ሐድዛዎች ቀኑን ሙሉ ሲንቀሳቀሱ ይውላሉ፤ ሄርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ ለክተው እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳተሙት ግን፣ የሰውነት መጠን ከታሰበ በኋላ በቀን የሚያወጡት ኀይል ከምዕራባውያን ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። እኔም ራሴን ብታዘብ፣ ሩጫ በሮጥሁበት ቀን ከሰዓት በኋላ እተኛለሁ፤ በእግሬ እወርደው የነበረውንም መንገድ በታክሲ እወርዳለሁ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የአንሰል ኪስ ሙከራ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት በቀን 1,570 ኪሎ ካሎሪ ገደማ እየመገበ፣ በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲራመዱ አደረገ። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩቡን ያህል አጡ። በዕረፍት ላይ ሳሉ ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ኀይል በ40 ከመቶ ገደማ ወረደ፤ ብርድ አይለቃቸውም፤ በትንሹ ይቆጣሉ፤ ቀንም ሌትም ስለ ምግብ ያስባሉ፤ አንዳንዶቹ የወጥ ቤት መጻሕፍት እየሰበሰቡ ያነቡ ጀመር። ይህን ሳነብ ምሳዬን በተውሁባቸው ሳምንታት ከንግግር ክፍል መስኮት ሆኜ የዳቦ ቤቱን ጭስ ስከታተል የነበርሁት ሰው ትዝ አለኝ። ስንፍና የመሰለኝ ነገር ሰውነት የራብ ዘመን መጣ ብሎ የሚያደርገው ጥንቃቄ ነበር። ጥንቃቄውም ቶሎ አይለቅም። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ክብደት የመቀነስ ውድድር ገብተው የነበሩ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ በዕረፍት ጊዜ ሰውነታቸው ከሚጠበቀው በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያነሰ ያቃጥል እንደነበረ ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ጽፈዋል። አብዛኛውን ክብደታቸውንም መልሰውት ነበር።

«እንግዲያስ ሩጫ ከንቱ ነው ማለትህ ነው?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒውን ማለቴ ነው። አሜሪካ ውስጥ 3,234 ሰዎች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አለ። ሰዎቹ የደማቸው ስኳር ከፍ ያለ፣ ነገር ግን ገና በሽታው ያልያዛቸው ነበሩ። ከክብደታቸው 7 ከመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተረዱት ወገኖች፣ ይህን እርዳታ ካላገኙት ይልቅ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 ከመቶ ቀነሰ። እኔ ከ79 ወደ 71 ስወርድ የቀነስሁት 10 ከመቶ ነው። ክብደትን በቁመት የሚለካው የታወቀው ስሌትም ቢጠየቅ፣ የእኔ ቁጥር 24 ነው፤ ከሚፈቀደው ወሰን ውስጥ። ስለ አባቴ እግር ብዬ የጀመርሁትን ነገር ወረቀቱ ከመለጠፉ በፊት አግኝቼው ነበር ማለት ነው። አራት ወር ሙሉ ያሳደድኋቸው ሦስቱ ኪሎዎች የወረቀቱ እንጂ የጤናዬ አልነበሩም።

ለፋሲካ ወደ ቤት ስሄድ እናቴ ከበር ላይ ይዛኝ «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ያከሳህ ምን አገኘህ?» ብላ እንባዋ መጣ። እኔ ሦስት ኪሎ ተርፎኛል ስል እርሷ ስምንት ኪሎ ጎድሎሃል ትላለች። በአገራችን «ወፈርህ፣ አማረብህ» የደኅና ሰላምታ ቃል ነበረ፤ የእኛ ትውልድ ደግሞ «ከሳህ» የሚለውን እንደ ምስጋና መቀበል ጀምሯል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል መፍረድ አልችልም፤ ነገር ግን ሁለቱም የሰውን ሰውነት በአደባባይ መመዘን መሆናቸውን አያለሁ።

አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ወዳጄ «ያልተለካ ነገር አይሻሻልም፤ ዝርዝሩ ከተነሣ ሰው ሁሉ ይሰንፋል» ብሎ ይከራከረኛል። እስቲ በራሱ መንገድ እንለካ። ወረቀቱ ሲለጠፍ 14 ነበርን፤ ሲነቀል በጠዋት የምንገናኘው ስድስት ነን። ከቀሩት መካከል አንዲት እኅታችንን ቤተ መጻሕፍት አጠገብ አግኝቼ ለምን እንደቀረች ጠየቅኋት። «ሩጫውን ወድጄው ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስሜን ማየት ነው ያቃተኝ» አለችኝ። ጨው የበዛበት እራት፣ የወር አበባ፣ የጠጡት ውሃ፣ እነዚህ ሁሉ ሚዛኑን ወደ ላይና ወደ ታች እንደሚያወዛውዙት ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ ባውቅም ኖሮ ከስሟ ትይዩ በቀይ ቀለም የጨመረችውን ከመጻፍ የምመለስ አይመስለኝም። ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። እስካሁን አልተመለሰችም።

መለካት የግድ ከሆነ፣ ስንት ጠዋት እንደተነሣን እንቁጠር፤ ያንንም እያንዳንዱ በራሱ ደብተር ይያዘው። በትምህርት ክፍሎቻችን ያሉ መምህራንም ከተቻላቸው ከእኛ ጋር ይውጡ፤ ቀስ ብለው ለሚራመዱ ዳገቱ እስከ ግማሽ ድረስ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል።

ሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በዋናው በር እንገናኛለን። በጋራ ገንዘብ የገዛነው ሚዛን አሁን ከአልጋዬ ሥር ነው። ባለ ድርሻዎቹ ከተስማሙ እሸጠዋለሁ፤ ገንዘቡም ለሰበርሁት ብልቃጥ ይከፈላል።