ተቅማጥን በጥርስ አናሳብብ
ሕፃን ሲያስቀምጠው «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ብሎ መተው በየሰፈሩ የተለመደ ነው፤ ይባስ ብሎ «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ የሚበጣም አለ። ይህ ልማድ መቆም አለበት። ግግ ተብሎ ተፈልፍሎ የሚወጣው ገና ያልጠነከረ የሕፃኑ ጥርስ ነው፤ ትርፉም ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው። ጥርስ ተቅማጥ አያመጣም። ጥርስ የሚወጣበት ጊዜ ሕፃኑ ምግብ የሚጀምርበትና መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከትበት ጊዜ ስለሆነ ነው የሚያሳስተን። የሚገድለው ከሰውነቱ የሚወጣው ውኃና ጨው ነው፤ እሱን የሚተካው ኦአርኤስ ደግሞ ውድ መድኃኒት አይደለም። የ1 ሊትሩን ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ መበጥበጥ፣ ባስቀመጠው ቁጥር ማጠጣት፤ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ያህል ታግሦ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋ። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ዚንክ ብዙ ወላጅ ልጁ ሻል ሲለው ያቋርጠዋል፤ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን መሙላት አለበት። ጡትም ምግብም አይከልከል፤ የተራበ አንጀት ቶሎ አይድንም። ከቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ ግን አይሰጥ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ከታየ፣ አያት «እስኪ ይንጋ» ቢሉ እንኳ በሌሊት ይዞ መሄድ ነው።