ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት

ለዓመት ፈቃድ ወደ ቤቱ የተመለሰ ወታደር የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ ሴራሚክ አልብሶ ለመሄድ ቢጣደፍ አይፈረድበትም። ዳሩ ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ባልተዘጋጀ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ ውሎ አድሮ ይረግፋል፤ ልጅ በሚታጠብበት ሰዓት ቢወድቅ ደግሞ ጉዳቱ ከገንዘብ ኪሳራ ያልፋል።

ስለዚህ በቅድሚያ ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳችሁ አድምጡ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ልስን ከግድግዳው ተላቋልና ተፈንቅሎ ይውጣ። የዘይት ቀለም ተፍቆ ይነሣ፤ ጄሶም ውሃ ሲነካው ስለሚላላ ከገላ መታጠቢያው አካባቢ ይወገድ። ቧንቧው በልስን ከመሸፈኑ በፊት ውሃ ተለቆበት ማፍሰስ አለማፍሰሱ ይታይ። ከዚያም ግድግዳው በውሃ ርሶ፣ 1 እጅ ሲሚንቶ ከ4 እጅ አሸዋ ጋር ተቦክቶ ይለሰን። ቀጥ ማለቱ በቱንቢ ይረጋገጥ፤ ፊቱም ሴራሚኩን እንዲይዝ ሻካራ ሆኖ ይቅር።

አዲስ ልስን 7 ቀን ውሃ እየጠጣ ሊጠነክር፣ በጠቅላላውም 28 ቀን ያህል ሊቆይ ይገባዋል። የባል ፈቃድ ይህን ያህል ካልረዘመ ልስኑን እርሱ ይጨርስ፤ ጧትና ማታ ውሃ ማርከፍከፉን ባለቤቱ ትረከበው። ውሃ የሚረጭበት ክፍል ሲደርቅ ውሃ በማያሳልፍ ቅብ ይቀባ። ሴራሚኩ በካርቶኑ ሆኖ የሚቀጥለውን ፈቃድ ቢጠብቅ አይበላሽም፤ በእርጥብ ልስን ላይ ቢለጠፍ ግን የሁለቱም ድካም ከንቱ ይቀራል።