የድመት ግልገልና የሞጣ ልጆች

በትምህርት ክፍላችን የነርቭ ሥርዓትን የተማረ ሁሉ ይህችን መንገድ በቃሉ ያውቃታል። ከሬቲና ተነስታ በዓይን ነርቭ፣ ከዚያ ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ከፊሎቹ በሚሻገሩበት መስቀለኛ ቦታ፣ ቀጥሎ ታላመስ፣ መጨረሻ ላይ ከአንጎል በስተኋላ ያለው ኮርቴክስ። ለፈተና እንሸመድዳታለን፣ በማግስቱ እንረሳታለን። እኔ ግን ይህች መንገድ ቢቸናና ሞጣ ድረስ ትደርሳለች ባይ ነኝ።

ዴቪድ ሂዩቤልና ቶርስተን ዊዝል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ የድመትን አንጎል ሲያጠኑ፣ በኮርቴክሱ ካሉት ህዋሳት አብዛኞቹ ከሁለቱም ዓይኖች መልእክት እንደሚቀበሉ አገኙ። በ1963 ባወጡት ጥናት ደግሞ የግልገል ድመትን የአንድ ዓይን ቆብ ሰፍተው ዘግተው ከ2 እና 3 ወር በኋላ ከፈቱት። ዓይኑ ራሱ ደህና ነው። ግልገሏ ግን በሱ አታይም! በኮርቴክሱ ውስጥ ለዚያ ዓይን የሚመልስ ህዋስ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ ቦታውን ክፍት የነበረው ዓይን ወስዶታል። አዋቂ ድመት ግን አንድ ዓይኗ ከዓመት በላይ ቢዘጋም ምንም አልሆነችም። ሁለቱ ሰዎች በ1981 ከሮጀር ስፔሪ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። (ድመቷ ምን በደለች የሚል የክፍል ጓደኛ አለኝ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ዋጋው ከተከፈለ በኋላ ትምህርቱን ሳንጠቀምበት መቅረት ደግሞ የባሰ ነው።)

ወደ አገራችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2005/06 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉ፣ ማለትም 49.9 በመቶ፣ ዓይናቸውን ያጡት በሞራ ግርዶሽ ነው። ስለዚህ በኛ በኩል ሞራ የማያውቅ ቤት የለም። አያት ለዓመታት ተጋርዳ ቆይታ፣ ሐኪም ሲመጣ ተገፎላት የልጅ ልጆቿን ለይታ ስታይ ሁላችንም አይተናል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። አያት ጠብቃ ስለዳነች ልጁም ቢጠብቅ የሚድን ይመስለናል። ሸውራራ ልጅ ሲታይ «ሲያድግ ይተወዋል» ይባላል፣ ያውም የተማረ ሰው ጭምር ይለዋል። አያት እኮ አዋቂዋ ድመት ናት፤ የአንጎሏ መንገድ ድሮ ተሠርቶ አልቋል። ሕፃኑ ግን ግልገሉ ነው። ሞራ ይዞ የተወለደ ልጅ በተለይ በአንድ ዓይኑ ብቻ ከሆነ በ6 እና በ8 ሳምንት አካባቢ ቢሠራለት ይመረጣል። ዓይኑ ለተንሸዋረረ ወይም አንዱ ዓይን ብቻ ጠንካራ መነጽር ለሚያስፈልገው ልጅ ጊዜው ረዘም ይላል፤ ሕክምናው የተሻለ የሚሠራው ግን ከ7 ዓመት በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሻላቸው ቢኖሩም ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል።

የትራኮማ ዘመቻ ሲመጣ ሕዝቡ ተሰልፎ ኪኒን ይውጣል፣ ጥሩ ነው። ይሄኛው ግን አይቀላም፣ አያመነጭም፣ አያምም። ልጁም በአንድ ዓይኑ እያየ ስለሚሮጥ ማንም አይጠረጥርም።

እንደኔ እንደኔ መነሻው ቀላል ነው። እናቶች የ45 ቀን ክትባት ብለው የሚይዙት ቀን ከ6ኛው ሳምንት ጋር ይገጥማል። ጤና ኤክስቴንሽኗ ያን ቀን በባትሪ የሕፃኑን ብሌን ብታይ ነጭ ነገር ካለ ልትጠረጥር ትችላለች። አንደኛ ክፍል ሲመዘገቡ ደግሞ መምህሩ አንዱን ዓይን አስከድኖ በሌላው ያስቆጥር። እኛም ክረምት ወደየቤታችን ስንገባ የጎረቤት ልጆችን እንዲሁ ማየት እንችላለን፤ ምርመራ ባይሆንም ወደ ሐኪም ለመላክ ይበቃል። መላኩ ራሱ ከባድ መሆኑን አልክድም። ከሞጣ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር መድረስ ገንዘብ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ጦርነት መንገዱ ስንቴ እንደተዘጋ የአገሬው ሰው ያውቃል። የትልቅ ሰው ሞራ መንገዱ እስኪከፈት ሊጠብቅ ይችላል፣ የሕፃን ግን አይችልም።

ሌላው ሥራ ማስረዳት ነው። ሐኪሙ መነጽር ሰጥቶ ደህናውን ዓይን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ሸፍኑለት ሲል፣ «ደህናውን ትታችሁ የታመመውን አታክሙም እንዴ?» ብላ የምትቆጣ እናት አትጠፋም። እውነቷን ነው፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ለሷ ኮርቴክስ ምናምን ማለት አያስፈልግም። ደህናው ዓይን የወንድሙን ቦታ እየወሰደበት ነው፣ እሱ ዞር ሲል ደካማው ሥራውን ይለማመዳል ቢሏት ይገባታል።