ሶሎንን ከተናጋሪዎች አፍ ስለ መቀበል

በጥንታዊት ግሪክ ሕግ ላይ በሚጻፉ የድኅረ ምረቃ ሥራዎች ውስጥ «ሶሎን እንዲህ ሲል ደነገገ» የሚል ዐረፍተ ነገር አንባቢን ደጋግሞ ያጋጥመዋል። ማስረጃው ሲመረመር ግን አብዛኛውን ጊዜ የፍርድ ቤት ንግግር ሆኖ ይገኛል። ሶሎን በአቴንስ አርኮን የነበረው በ594 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው፤ ስሙን የሚጠሩት ታላላቅ ተናጋሪዎች ደግሞ ከርሱ 200 ዓመትና ከዚያ በላይ ዘግይተው የተነሡ ናቸው። በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ተናጋሪዎቹ ስለ ሶሎን የሚሉት በቅድሚያ ለራሳቸው ዘመን፣ ለአራተኛው መቶ ዓመት፣ ምስክር ነው።

ጉዳዩ ለራሳቸው ለተናጋሪዎቹም የተሰወረ አልነበረም። ኤስኪነስ ቲማርኮስን በከሰሰበት ንግግር በሳላሚስ አደባባይ የቆመውን የሶሎንን ሐውልት ጠቅሶ፣ የጥንት ሰዎች እጃቸውን ከልብሳቸው ሳያወጡ በጨዋነት ይናገሩ እንደ ነበር ለዳኞቹ አስረዳ። ዴሞስቴነስ በ343 የሰጠው መልስ ለምንጭ ሒስ ትምህርት መግቢያ ሊሆን የሚበቃ ነው፦ ሐውልቱ ከቆመ 50 ዓመት አልሞላውም፤ ከሶሎን ዘመን ወዲህ ግን 240 ዓመት ያህል አልፏል፤ እንግዲህ ቀራጩ ቀርቶ የቀራጩ አያት እንኳ ሶሎንን አላየውም። (እጅን በልብስ ውስጥ መያዝ የሚያስፈልገውስ በመልእክተኝነት በሄዱ ጊዜ ነው ሲል ባላጋራውን በጉቦ መንካቱም አልቀረ።)

ይኸው ዴሞስቴነስ ግን በ355 የሌፕቲነስን ሕግ በተቃወመበት ንግግር፣ አዲስ የሕግ ረቂቅ በነገድ ሰያሚዎቹ ጀግኖች ሐውልት ፊት እንዲለጠፍ ያዘዘው ሶሎን ነው ይላል። ጀግኖቹ የ10ሩ ነገዶች ሰያሚዎች ናቸው፤ 10ሩን ነገዶች ያቋቋመው ክሌስቴነስ ነው፤ ያም የሆነው በ508/7፣ ከሶሎን አርኮንነት ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ይህን ውሸት ማለት የሚገባ አይመስለኝም። «የሶሎን ሕግ» ማለት በሥራ ላይ ያለና የተከበረ ሕግ ማለት ሆኖ ነበርና። ከ410 በኋላ በተካሄደው የሕጎች ክለሳ የሶሎንን ሕጎች እንዲጽፍ የተሾመው ኒኮማኮስ፣ ለ4 ወር የተሰጠውን ሥራ 6 ዓመት አቆይቶ ሕግ ጨመረ፣ ሕግም ሰረዘ ተብሎ በሊስያስ ንግግር ተከሷል። ክሱ የከሳሽ ነውና በጥንቃቄ ይነበባል፤ ቢሆንም ተናጋሪዎቹ በእጃቸው የነበረው ጽሑፍ በስንት እጅ እንዳለፈ ያመለክታል። የእኛ አገር የሕግ ታሪክ ተማሪ ነገሩን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም፤ ፍትሐ ነገሥት በ318ቱ ሊቃውንት ስም ሲጠራ ኖሯል፤ መሠረቱ ግን በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በኢብን አል-አሳል የተጠናቀረ ነው።

ተናጋሪዎቹ ከተነሡ ለሶሎን ምን ይቀርለታል የሚል ይኖራል። ግጥሞቹ ይቀሩለታል። በእነርሱ ውስጥ ራሱ ሶሎን ከምድሪቱ የወሰን ድንጋዮችን ስለ መንቀሉ፣ ለባርነት ተሸጠው የትውልድ ቋንቋቸውን እስከ መርሳት የደረሱትን ወደ አቴንስ ስለ መመለሱ ይናገራል። ስለ 400ዎቹ ሸንጎ ግን ከግጥሞቹ በቀረልን ክፍል ምንም አይገኝም። ሸንጎውን የምናውቀው ከአርስቶትል ትምህርት ቤት ከወጣው የአቴናውያን ሥርዐተ መንግሥትና ከፕሉታርክ ነው፤ በመካከሉ ደግሞ በ411 ዴሞክራሲን የገለበጡት ሰዎች «እንደ አባቶች ሥርዐት» ብለው 400 አባላት ያሉት ሸንጎ አቁመዋል። ሸንጎው ፈጠራ ነው ለማለት ይህ አይበቃም፤ ቁጥሩን ያለ ጥያቄ መቀበል ግን አይቻልም።

ስለዚህ ተመራማሪው «ሶሎን ደነገገ» ከማለት ይልቅ «ዴሞስቴነስ በ355 ሶሎን ደነገገ ይላል» ብሎ ቢጽፍ ዐረፍተ ነገሩ ይረዝምበታል፤ በምትኩ ሌላ ጥያቄ ይከፈትለታል። 10ሩን ነገዶች ያቆመው ክሌስቴነስ ሆኖ ሳለ፣ የአራተኛው መቶ ዓመት ዳኞች ፊት ይበልጥ ይጠራ የነበረው የሶሎን ስም ስለ ምንድን ነው?